ያለ ሞተር መብረር፦ ከጃን ሜዳ እስከ ጣና ዳርቻ



የዛሬው ንግግሬ በሬዲዮ ስለሚመራ ሞዴል ግላይደርና ይህን ሥራ ስለሚያካሂድ ክለብ ነው። ጉዳዩ ለታሪክ ጉባኤ የማይመጥን የልጆች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን ከባድ የታሪክ ጥያቄ እንዳዘለ አምናለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ አገር አውሮፕላን መሥራት ከቻለ በኋላ ያን ችሎታ የሚያጣው ስለ ምንድን ነው?

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ አሳረፈ። ከዚያ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች አውሮፕላን ከጃን ሜዳ ተነሥታ በረረች። ሥራውን የመራው ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ሲሆን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አብረውት ደክመዋል። ባለ ሁለት መቀመጫዋ አውሮፕላን በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። የፋሺስት ጦር ግን በዚያን ጊዜ ድንበር ጥሶ ገብቶ ነበር። አውሮፕላኗ ተማርካ ወደ ጣልያን ተወሰደች፤ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷ በይፋ ተረጋገጠ።

ይህን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምንተርከው ተወስዶ እንደ ተመለሰ ቅርስ አድርገን ነው። ትረካው እውነት ነው፤ ሆኖም ጎደሎ ነው። በ1928 ዓ.ም. የተቋረጠው የአንዲት አውሮፕላን ጉዞ ብቻ አልነበረም። ክንፍን የማመዛዘን፣ ክብደትን የመቀነስ፣ ስሕተትን በሙከራ የማረም ልምድም አብሮ ተቋርጧል። ቅርስ በመርከብ ይመለሳል፤ የእጅ ልምድ ግን የሚመለሰው እንደገና በመሥራት ብቻ ነው። ያ ልምድ በአንድ ወርክሾፕ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ስለ ነበረ ወርክሾፑ ሲፈርስ የሚረከበው ተተኪ አላገኘም።

ለንጽጽር ወደ ጀርመን እንሂድ። ኦቶ ሊሊየንታል የሽመላን አበራረር አጥንቶ በራሱ ሥራ ግላይደሮች ደጋግሞ ከበረረ በኋላ፣ ከዐድዋ ድል ጥቂት ወራት ዘግይቶ፣ በነሐሴ 1888 ዓ.ም. ወድቆ ሞተ። ልምዱ ግን አብሮት አልተቀበረም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን አቪዬሽን ሲያጠብበው፣ የዳርምሽታትና የአኽን ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድን መሥርተው ሞተር አልባ አውሮፕላን መሥራት ያዙ። ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቫሰርኩፐ ተራራ ላይ በየዓመቱ ይወዳደሩ ነበር። አንዱ ተመርቆ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ የአምናው ስሕተት የዘንድሮ ትምህርት ይሆናል። ክለብ ማለት ይህ ነው። በእርግጥ የናዚ መንግሥት እነዚያን ክለቦች ጠቅልሎ ለጦር አብራሪ ማዘጋጃ አውሏቸዋል፤ ስለዚህ ክለብ በራሱ የመልካም ዓላማ ዋስትና ነው አልልም። የምለው፣ እውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲሻገር ማኅበር ያስፈልገዋል ነው።

በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴሎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መታየት ጀመሩ። አሜሪካውያኑ መንትዮች ዋልተርና ዊልያም ጉድ «ገፍ» ያሏትን ባለሞተር ሞዴል በ1937 እ.ኤ.አ. በሬዲዮ መሩ። ዛሬ ግላይደሮችም በዚሁ ስልት ይመራሉ፤ በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ ከሚካሄዱት ውድድሮች አንዱ በአየር ላይ መቆየትን፣ ርቀትንና ፍጥነትን በአንድነት ይመዝናል። ሞዴሉ በገመድ ተስቦ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኃይል የራሱ ክብደትና ወደ ላይ የሚወጣው አየር ብቻ ነው። አብራሪው የማይታየውን አየር ማንበብ አለበት።

ጣና ለዚህ ንባብ ሰፊ ገጽ ነው። ቀን ቀን የብሱ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይነፍሳል፤ ሌሊት አቅጣጫውን ይቀይራል። ነፋስ ከኮረብታ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ቤዛዊትን የመሰለ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ይህን በፊቱ ይዳስሰዋል። ፔሊካንና አሞራ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲዞሩም ሞቃት አየር የት እንደሚወጣ ያመለክታሉ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ16 በመቶ ያህል ያንሳል። በዚህም ምክንያት ያው ሞዴል እዚህ ለመንሳፈፍ 9 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ይሻል። ከውጭ የመጣን ንድፍ መቅዳት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ የራሳችንን አየር ራሳችን ማስላት አለብን።

ይህ ሰማይ ግን ባዶ ሜዳ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ለማረፍ ሲሞክር ተከሰከሰ፤ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ጥቂት ርግቦች ይህን ካደረጉ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ፈቃድ የሚለቀቅ ሞዴል ጨዋታ ሊባል አይችልም። የተመደበ ቦታ፣ የሬዲዮና የበረራ ፈቃድ፣ ሰማዩን የሚጠብቅ ተመልካች ለክለብ የመጀመሪያው ሥርዓት ናቸው። ሥርዓቱ ራሱ ትምህርት ነው።

በዚህች ከተማ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ የምሕንድስና እውቀት እንግዳ አይደለም። ከዚያም እጅግ የቀደመ ትምህርት ቤት በዳርቻው አለ። የታንኳ ሠሪ ከደንገል፣ ከቀላል ነገር፣ ክብደት የሚሸከም ቅርጽ ያበጃል፤ ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ አድርቆ ወይም በአዲስ ተክቶ ይቀጥላል። ታንኳ ዘመናትን የተሻገረው አንዱ ታንኳ ስለ በረታ ሳይሆን፣ አሠራሩ ከአባት ወደ ልጅ ስላልተቋረጠ ነው።

«ፀሐይ» ያጣችው ይህን ተከታታይነት ነው። ስለዚህ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናው፣ የፊዚክሱና የታሪኩ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አንድ ሜትር ተኩል ክንፍ ያላት ሞዴል ቢሠራ፣ ብትሰበር ቢጠግን፣ የሰበራትንም ምክንያት በመዝገብ ጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ቢያስረክብ፣ ከጨዋታ ያለፈ ነገር ሠርቷል እላለሁ። ከሞዴሏ ይልቅ ያ መዝገብ ይበልጣል።