ስድስት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ዲላ የቡና ከተማ ናት። ቡና ገዥ ደግሞ ሁለት ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፦ «የየት ነው?» እና «የታጠበ ነው ያልታጠበ?»። አንዱ ስለ መነሻው፣ ሌላው ስለ ዓይነቱ ነው። የዩኒክስ ዘሮችም ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ የሚገናኝበትን በር፣ ኢንተርፌስ የሚባለውን፣ ሲሰይሙ በእነዚሁ ሁለት ጥያቄዎች ተለያዩ። ጣጣው እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ 4.2 ቢኤስዲ የተባለውን ዩኒክስ ሲያወጣ ስሙን ከካርዱ ሠሪ ወሰደ፤ የኢንተርላን ካርድ «አይኤል0»፣ የስሪኮም ካርድ «ኢሲ0» ተባለ። በ1991 የተወለደው ሊኑክስ ግን «ማን ሠራህ?» ሳይል ኢተርኔት የሆነውን ሁሉ «ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1» እያለ ቆጠረ። (የአገራችንም ዓለም አቀፍ ባለ 3 ፊደል መለያ «ኢቲኤች» ነው። ሊኑክስ ግን እኛን አስቦ አይደለምና አንኩራ!)

ስም ለሰው ነው፤ ፕሮግራም የሚያምነው ቁጥር ነው። ቁጥሩም ከሁለት መዝገብ መጣ። በ1982 የወጣው ኤአርፒ የተባለ ደንብ ኢተርኔትን 1 አለው። በ1988 የወጣው የኔትወርክ አስተዳደር ደንብ ደግሞ 6 አለው። ሊኑክስ የመጀመሪያውን ያዘ፤ ቢኤስዲና ከእሱ የወረሰው ማክ ሁለተኛውን። ኮምፒውተር ከራሱ ጋር ብቻ የሚያወራበት ሉፕባክ በቢኤስዲ 24፣ በሊኑክስ 772 ነው። በአገራችን ኢንተርኔት በ1997 ከጀመረ በኋላ በነበረው የስልክ ሞደም ዘመን የምናውቀው ፒፒፒ ደግሞ በቢኤስዲ 23፣ በሊኑክስ 512።

ቁጥሩ መለያየቱ ባልከፋ። የሚከፋው አንድ ቁጥር ሁለት ትርጉም ሲኖረው ነው። ቢኤስዲ ሉፕባክ የሚልበት 24 በሊኑክስ መዝገብ ፋየርዋየር ነው። ሊኑክስ ኢተርኔት የሚልበት 1 በቢኤስዲ «ሌላ» ማለት ነው። ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ከውጭ የመጣ እንግዳ ዲላ ላይ «በ6 እንገናኝ» ቢባል ማለዳ ተነሥቶ ይጠብቃል፤ ቀጣሪው ግን በእኩለ ቀን ይመጣል። ሁለቱም ሰዓት ልክ ነው፤ የጎደለው «በማን አቆጣጠር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ፕሮግራም ደግሞ ካልነገሩት አይጠይቅም። በማክ የተጻፈ ፕሮግራም ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር ሉፕባክን በ24 ይፈልጋል፤ 772 ሲያገኝ እውነተኛ መስመር ይመስለዋል። ከዚያ ገመዱ ተነቅሎም «ኔትወርክ አለ» እያለ ያጽናናናል።

በስም መገመትም አያዋጣም። ከ2013 ጀምሮ ሲስተምዲ ካርዱ የተሰካበትን ቦታ እያየ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ማለት ስለጀመረ «ኢቲኤች0» ከብዙ ሊኑክሶች ጠፍቷል። ተዞሮ ተዞሮ ወደ «የየት ነው?» መመለሳችን ነው። ዋይፋይ እንኳ በማክ 6፣ በሊኑክስ 1 ተብሎ ኢተርኔት መስሎ ይቀመጣል።

እንግዲህ ፕሮግራም የምንጽፍ ወጣቶች መፍትሔው ቀላል ነው። ኢተርኔት፣ ሉፕባክ፣ ፒፒፒ፣ ያልታወቀ የሚል የራሳችንን ሰንጠረዥ እናውጣ፤ የየአገሩን ቁጥር ወደዚያ እንመንዝር። የማናውቀው ቁጥር ሲመጣም «ያልታወቀ» እንበል እንጂ ኢተርኔት ነው ብለን አንማል። ቁጥር ያለ መዝገቡ ወሬ ነውና።

ቸር ይግጠመን!