ስለ መኳንንቱ ቤትና ስለ አሸንዳው

በምንኖርበት በለቡ ዛሬ የሚሠሩት ቪላዎች አብዛኞቹ ከሲሚንቶና ከብረት የቆሙ ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የተሠራው የመኳንንት ቤት ግን ከዚህ እጅግ የተለየ ነበረ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ያ ቤት ከምን እንደ ተሠራና ስለምን ፈጥኖ እንደሚጠፋ ነው።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዐፄ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሰጡ። መኳንንቱም ቤታቸውን በየኮረብታው ራስ ላይ ሠሩ፤ ጭፍራውና አሽከሩ ከግርጌ ሰፈረ። የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃዝማች ውቤ ሰፈር የሚባለው ስምም ከዚሁ የመጣ ነው።

ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የሚያያይዘው ግን ጭቃ ነው። ወለሉና ደረጃው ሳንቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ብዙ ጊዜ የተወጠረ አቡጀዲ ነበረ። ዙሪያውን ሰፊ የእንጨት በረንዳ ይከበዋል፤ የጣራው ክፈፍ እንደ ጥልፍ በተፈለፈለ ሳንቃ ያጌጣል። ጉለሌ ባለው በሼክ ኾጀሌ ቤት ደግሞ ከጣራው በላይ የመመልከቻ ሰገነት አለ። የህንድና የአርመን ባለሙያዎች በዚህ ሥራ ብዙ ደክመዋል። ስለዚህ አንዳንዶች ቤቱን ከውጭ የተቀዳ ነው ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ አናጢው ባዕድ ቢሆን እንኳ እልፍኙና ግብር የሚበላበት አዳራሽ የሀገር ሥርዓት ናቸውና።

ጭቃ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ድንጋዩን አጥብቆ ይይዛል። አሸንዳው ሲቀደድ ግን የክረምቱ ውሃ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ ጭቃው ይታጠባል፤ የበረንዳው ምሰሶም ከእግሩ ይበሰብሳል።

በአየርላንድ ከ1920 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት ብዙ የመኳንንት ቤቶች በእሳት ጠፍተዋል። የእኛዎቹ ጥፋት ዝግ ያለ ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኑ፤ ወይም በግርግዳ ተከፋፍለው ለብዙ ቤተ ሰብ ተከራዩ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ግን ለከተማይቱ መቶኛ ዓመት ሙዚየም በመሆኑ ተንከባካቢ አገኘ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ብዙ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ያዘነው ሰው ብዙ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ውሃ የጨረሰውን ያየ ጥቂት ነው።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ቅርሱን እንዲጠብቅ ያዝዛል። ነገር ግን ስድስት አባወራ በሚኖርበት የኪራይ ቤት አሸንዳውን የሚያስጠግን ማን ነው? ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል፤ አከራዩም ከኪራዩ የሚተርፍ ገንዘብ የለኝም ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት የቅርስነት ምልክት ከመለጠፍ አስቀድሞ፣ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ለጣራና ለአሸንዳ የሚሆን ገንዘብ ይመደብ እንላለን።