የጋቱን ሐይቅና የባሮ ኮሎራዶ ወፎች

የፓናማ ቦይ ታሪክ በመሐንዲሶች ዘንድ ሲወሳ ዘወትር የሚጠቀሱት የኩሌብራ ሸንተረር ቁፋሮ፣ የብረት በሮቹ ግዝፈትና ከወባና ከቢጫ ወባ ጋር የተደረገው ትግል ናቸው። ከዚያው ሥራ የተወለደ፣ እምብዛም የማይነገር ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸውም በውሃ የተከበበ አንድ ኮረብታ ደኑ ሳይነካ ወፎቹን እያጣ የመሄዱ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቦዩ በባሕር ወለል ልክ ይቈፈር ወይስ መርከቦችን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ የውሃ ክፍሎች ይሠራ በሚለው ክርክር የአሜሪካ መንግሥት በ1906 ሁለተኛውን ሐሳብ ሲመርጥ፣ የቻግረስን ወንዝ መገደብ ግድ ሆነ። በጋቱን የተሠራው የዐፈር ግድብ 2.3 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በስተኋላው የተኛው ሐይቅ ደግሞ 425 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ በዘመኑ ከሰው ሠራሽ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጠው ነበር። የማስተንፈሻው በሮች በ1913 ተዘጉ፤ ቦዩም በ1914 ለመርከቦች ተከፈተ። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 26 ሜትር ገደማ ላይ እንዲረጋ የተደረገው ለመርከቦች መተላለፊያ ሲባል ብቻ ነው። ሆኖም ያ ቍጥር የትኛው መሬት ሸለቆ ሆኖ እንደሚሰጥም፣ የትኛው ደሴት ሆኖ እንደሚቀር ጭምር ወሰነ። ደሴት ሆነው ከቀሩት ኮረብታዎች ትልቁ ባሮ ኮሎራዶ ይባላል፤ ስፋቱም 1,500 ሄክታር ያህል ነው።

ደሴቱ በ1923 የተጠበቀ ክልል ተባለ፤ ከ1946 ጀምሮ ደግሞ በስሚዝሶንያን ተቋም ሥር ሆነ። መጥረቢያ ስላልገባበትና አደን ስለተከለከለ፣ በውስጡ ያለው ሕይወት እንዳለ ይኖራል ብሎ ማሰብ የተፈጥሮ ነበር። ወፎቹም በደንብ ታይተዋል። ፍራንክ ቻፕማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እየተመላለሰ ተመለከታቸው፤ ዩጂን አይዘንማን በ1952 የዝርያዎቻቸውን ዝርዝር አሳተመ። እነዚህ መዝገቦች ባይኖሩ ኖሮ ኋላ የጠፋው ነገር መጥፋቱ እንኳ ባልታወቀ ነበር።

ኤድዊን ዊሊስ የተባለው ተመራማሪ ከ1960 አንሥቶ የተከታተለው ጉንዳን ተከታይ ወፎችን ነው። በዚያ ደን ውስጥ በሺሕ የሚቈጠሩ ጉንዳኖች እንደ ዘማች ሠራዊት መሬቱን ሸፍነው ሲነጕዱ፣ በቅጠል ሥር የተደበቀው አንበጣ፣ በረሮና ሸረሪት ሁሉ እየተደናገጠ ይወጣል። ወፎቹ ጉንዳኖቹን አይበሉም፤ ከፊታቸው ሆነው ሸሺውን ይለቅማሉ። በሰልፉ ዙሪያም ማዕርግ አለ፤ ትልቁ ወፍ ምርጡን ስፍራ ይይዛል፣ ትንሹ ወደ ዳር ይገፋል። ዊሊስ በወፎቹ እግር ላይ የቀለም ቀለበት እያሰረ አንድ በአንድ እስከ መለየት ደርሶ ነበር። በሦስቱ ዋና ዋና ዝርያዎች ላይ ያየው ነገር ግን ማዕርጉን የሚገለብጥ ነው። በጀርባው ላይ ዐይን የመሰሉ ነጠብጣቦች ያሉትና ከሁሉ የሚገዝፈው ዝርያ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ሊያልቅ ተቃረበ፤ ኋላም ከደሴቱ ጨርሶ ጠፋ። መካከለኛው ቍጥሩ ቀነሰ። ትንሹ፣ ያ ወደ ዳር የሚገፋው፣ ቀረ። ጌታ የሚመስለው ወፍ ሰፊ ክልልና ብዙ የጉንዳን ሰልፍ ይፈልጋል፤ ትንሹ ግን ጉንዳን ባይኖርም ራሱን ችሎ ይመገባል።

ዊሊስ በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ደሴቱ ሲለይ ይራቡበት ነበር ተብለው ከተገመቱት 208 የወፍ ዝርያዎች 45ቱ እስከ 1970 ድረስ መጥፋታቸው ተመልክቷል። ይህ ቍጥር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይጠቀሳል። ከጠፉት የሚበዙት በእርግጥ የቍጥቋጦና የደን ዳር ወፎች ነበሩ፤ ጥበቃው ደኑን ስላሳደገው መኖሪያቸው ጠፋ እንጂ ውሃው አላጠፋቸውም። ውሃው ተጠያቂ የሚሆነው ለጥላ ውስጥ ወፎች ነው። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት የጠፉትን ጠቅላላ ድምር 65 አድርሶታል። እንግዲህ ግድቡ የፈጠረው ጕዳት ሐይቁ በሞላ ጊዜ አላበቃም፤ ሥራውን የመሩት መሐንዲሶች ካለፉም በኋላ ሲሠራ ኖሯል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጥቂት ጥንዶች ብቻ ያሉት ዝርያ በአንድ ክፉ ዓመት ሊያልቅ ይችላል፤ በደሴቱ ላይ ጎጆ የሚዘርፉ እንስሳት መበርከታቸውም በሙከራ ታይቷል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከማዶ ሌሎች ወፎች እየመጡ ቢተኩ ኖሮ ሊካካስ በቻለ ነበር። በብራዚል ማናውስ አጠገብ ከ1979 ጀምሮ ቶማስ ላቭጆይ ባስጀመረው ጥናት፣ በግጦሽ መሬት መካከል 1፣ 10 እና 100 ሄክታር የሆኑ የደን ቍራጮች ተለይተው ነበር። ጉንዳን ተከታዮቹ ከትንንሾቹ ቍራጮች ብዙም ሳይቈዩ ለቀቁ፤ በዙሪያው ቍጥቋጦ ባደገበት ቦታ ግን ተመልሰው ታዩ። (በሰሜን ኢትዮጵያ በእርሻ የተከበቡትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።) በሐይቅ ላይ ቍጥቋጦ አይበቅልም።

ክንፍ ላለው ፍጡር ጥቂት መቶ ሜትር ውሃ ምን ያህል ዕንቅፋት ይሆናል? የጥያቄው መልስ በ2008 ታተመ። ተመራማሪዎች የደን ወፎችን ይዘው በጀልባ ወደ ጋቱን ሐይቅ ወጡና ከዳርቻው በ100፣ በ200 እና በ300 ሜትር ርቀት ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ያለ ችግር ደረሱ። ሌሎቹ 100 ሜትሩን እንኳ መጨረስ አቅቷቸው ውሃው ላይ ሲወድቁ ከጀልባው እየተነሡ ተረፉ። በጥላ ሥር ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለመዝለል የተበጀ ክንፍ ለረዥም በረራ አልተሠራም።

ከባሮ ኮሎራዶ የጠፋው ያ ባለ ነጠብጣብ ወፍ ከሐይቁ ማዶ በሚገኘው በሶበራኒያ ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ ዛሬም ጉንዳኖቹን እየተከተለ ይኖራል።