ሙያና ዋጋው፦ የሴቶች ክፍያ ታሪክ በመርካቶ

(ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፣ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ገለጻዬ የሚነሣው ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው። በአንድ ድርጅት የሚሠሩ ወንድና ሴት ክፍያቸው ለምን ይለያያል? ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናስበው ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን ነው። የመርካቶ ታሪክ ግን ከዚያ ቀደም ብለን እንድንመለከት ያስገድደናል። ልዩነቱ የሚወለደው ደመወዝ ከመቆረጡ በፊት፣ ሥራው ራሱ የወንድና የሴት ተብሎ ሲከፈል ነው።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን በ1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ነዋሪውን በዘር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። መርካቶ የሚለው ስምም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው፤ በኢጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። አዲሱ ገበያ በየሸቀጡ ዓይነት በተራ በተራ ሲደራጅ፣ የቆየው የሥራ ክፍፍል ከሸቀጡ ጋር አብሮ ገባ።

ሸማ ተራን እንውሰድ። አንድ ነጠላ ለገበያ ከመድረሱ በፊት ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ በኋላ ይሸመናል። በአገራችን ልማድ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሥራ ነው። ሸማኔው የሚሠራበት ጊዜ ይታወቃል፤ ለሥራውም የእጅ ዋጋ ይጠየቅበታል። ፈታይዋ ግን የምትፈትለው በቤቷ፣ ልጅ እያሳደገችና ወጥ እየጠበቀች በመሆኑ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም። ገበያው የሚያውቀው ልቃቂቱን እንጂ እሷን አይደለም። ነጠላው በተሸጠ ጊዜ የእሷ ድካም ከጥሬ ዕቃው ወጪ ጋር ተደምሮ ይጠፋል። ቀጭን ፈትል ለማውጣት የሚያስፈልገው የጣት ብልኀት ግን ከመወርወሪያው ብልኀት የሚያንስ አይደለም።

እህል በረንዳ ስንደርስ ክፍፍሉ በአንድ መጋዘን ውስጥ ይታያል። ተሸካሚው ኩንታሉን ከመኪና ያወርዳል፤ ሒሳቡም በጆንያ ቁጥር ይታሰባል። ሴቶቹ ደግሞ ጥግ ይዘው ያበጥራሉ፣ ይነፋሉ፣ ጠጠርና እንክርዳድ ይለቅማሉ። የመጀመሪያው «የጉልበት ሥራ» ይባላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ቀላል ሥራ»። ነገር ግን የእህሉን ዋጋ ከፍ የሚያደርገው የትኛው ነው? አፈር የቀረበት ጤፍና ተለቅሞ የጠራ ጤፍ በአንድ ዋጋ አይሸጡም። በቡና መጋዘኖችም ነገሩ ያው ነው። ለውጭ ገበያ የሚላከውን ቡና ጥራት የሚያስጠብቁት እየለቀሙ ጉድለት ያለበትን ፍሬ የሚለዩ ሴቶች ናቸው።

ቋንቋችንም ለዚህ ምስክር ነው። ወንድን «ባለሙያ» ስንለው ሥራው ክፍያ የሚገባው መሆኑን መናገራችን ነው። ሴትን «ባለሙያ ናት» ስንል ግን ብዙ ጊዜ ወጧንና ጠላዋን ማመስገናችን ነው። የእሱ ሙያ ዋጋ ሲወጣለት፣ የእሷ ሙያ ምስጋና ብቻ ያገኛል።

ወደ ሕጉ እንለፍ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በክፍያ ረገድ በጾታ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። እነዚህ ትልልቅ ድሎች ናቸው። ሆኖም ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ የሚጠይቀው እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ነው። «ተመሳሳይ» በሚለው መለኪያ አበጣሪዋና ተሸካሚው ሊወዳደሩ አይችሉም፤ ሥራቸው አይመሳሰልምና። «እኩል ዋጋ» በሚለው መለኪያ ግን ሁለቱ ሥራዎች ለድርጅቱ ምን እንዳስገኙ፣ ምን ያህል ችሎታ፣ ድካምና ኃላፊነት እንደሚጠይቁ ይመረመራል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የእንግሊዝ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1968 በዳገናም የፎርድ ፋብሪካ የመኪና መቀመጫ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ሥራ አቆሙ። ቅሬታቸው ስፌታቸው ሙያ በማይጠይቅ የሥራ ደረጃ መመደቡ ነበር። ትግላቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ለወጣው የእኩል ክፍያ ሕግ መንገድ ጠረገ፤ በጠየቁት የሥራ ደረጃ የተመደቡት ግን እንደገና ሥራ ካቆሙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ክፍያውን ማሻሻል ከባድ ነበር፤ የሥራውን ስም ማስለወጥ ደግሞ 16 ዓመት ፈጀ።

ዛሬ በመርካቶ ብዙዎቹ አሮጌ ሱቆች ፈርሰው በምትካቸው ፎቆች ቆመዋል፤ የቤተሰብ ንግዶችም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እየሆኑ ነው። የደመወዝ መዝገብ አላቸው። አንድ አስመጪ ድርጅት መዝገቡን ቢገልጥ፣ ለገንዘብ ያዧና ለጽዳት ሠራተኛዋ አንድ መደብ፣ ለሽያጭ ሠራተኛውና ለመጋዘን ኃላፊው ሌላ መደብ ልናገኝ እንችላለን። በእያንዳንዱ መደብ ውስጥ ልዩነት ላይኖር ይችላል፤ ሕጉም አልተጣሰም ሊባል ይችላል። ልዩነቱ ያለው በመደቦቹ መካከል ነው። ቀኑን ሙሉ የድርጅቱ ገንዘብ በእጇ የሚያልፍና ቢጎድል የምትጠየቅ ሴት፣ ኃላፊነቷ ከዕቃ ያዡ በምን ያንሳል?

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አነስተኛ የደመወዝ መጠን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ዝቅተኛው መደብ ላይ የሚገኙት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው ይህ ለእነሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ወለል ማበጀት ብቻውን ማን ወለሉ ላይ እንደሚቀር አይለውጥም። ስለዚህ አሠሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና ሕግ አውጪዎች ከደመወዙ አስቀድመው የሥራ መደቡን ቢመረምሩ እላለሁ። ለእናንተ ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ፤ የነጋዴዎቹን ታሪክ ስትጽፉ ፈታይዋን፣ አበጣሪዋንና ቡና ለቃሚዋን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። በሰነድ ያልሰፈረ ድካም ዋጋው ሲተመን ተከራካሪ አይኖረውም።