«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» የአጭሩ የማስታወስ ምርመራ ታሪክ እና የይፋግ አዛውንት



አረጋዊ እናቱን ወይም አባቱን «መርሳት አበዙ» ብሎ ወደ ሐኪም የወሰደ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሳይሰማ አይቀርም፦ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? አሁን ያለነው የት ነው? እነዚህን ሦስት ቃላት ይያዙልኝ፤ በኋላ እጠይቅዎታለሁ።» ለሰሚው ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። የታሪኩ ትምህርትም አንድ ነው፦ ጥያቄው የሚመዝነው አእምሮን ብቻ አይደለም፤ የተጠያቂውን ትምህርትና የኖረበትን አገርም ይመዝናል። ይህን የዘነጋ መርማሪ ጤነኛውን ታማሚ፣ ታማሚውን ጤነኛ ሊል ይችላል።

የምርመራው አጀማመር

እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። እርሳስና ቁልፍን የመሳሰሉ ዕቃዎችን አሳያት፤ ጥቂት ቆይቶ ሲጠይቃት ምን እንዳየች አታስታውስም። ሴትዮዋ በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አየ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ የታወቀው እንዲህ ነው።

ይሁን እንጂ መርሳቱ በነጥብ የተለካው ቆይቶ ነው። በ1968 በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ የተባሉ ሐኪሞች አረጋውያንን በጥያቄ መዘኑ። ሰዎቹ ሲሞቱ ደግሞ አንጎላቸውን መርምረው ውጤቱ ከበሽታው ምልክቶች ብዛት ጋር እንደሚሄድ አሳዩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሐኪሞች ገና ያኔ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ይጠይቁ ነበር።

በ1972 ሆድኪንሰን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ጥያቄዎቹን ወደ 10 አሳጠራቸው። ከ10ሩ አንዱ «አንደኛው የዓለም ጦርነት በስንት ዓመት ተጀመረ?» የሚል ነው። ለዚያን ጊዜ እንግሊዛዊ አረጋዊ ይህ የራሱ የልጅነት ትዝታ ነበር።

በ1975 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ማርሻልና ሱዛን ፎልስታይን ከፖል ማክሂው ጋር ባለ 30 ነጥቡን መጠይቅ አወጡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ስለሚፈጅ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ከ24 በታች ያመጣ ሰው «ይመርመር» ተባለ።

ቁጥሩ ሲፈተሽ

በ1993 ከ18,000 በላይ አሜሪካውያን አዋቂዎች ያመጡት ውጤት ታተመ። 9 ዓመትና ከዚያ በላይ የተማሩት መካከለኛ ውጤት 29 ሆነ። ከ4 ዓመት ያልበለጠ የተማሩት ግን 22። ቢያንስ ግማሾቹ ከድንበሩ በታች ወደቁ ማለት ነው። ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ታመው ነበር? አይደለም። ከ30ው ነጥብ አንዱ ጽሑፍ አንብቦ ለመፈጸም፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ፣ አንዱ ሥዕል ለመገልበጥ ነው። ሌላ አምስት ነጥብ ደግሞ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ ለመቁጠር ይሰጣል። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ገና ሳይጀመር ነጥብ ይጎድለዋል።

መጠይቁን ይዘን ወደ ይፋግ ብንወርድስ?

ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ተጓዦች ሳይቀር የጻፉላት የበጌምድር ታላቅ ገበያ ነበረች። በዚያ አካባቢ ያሉ ዛሬ ሰማንያ ያለፋቸው አንዲት እናት እንበል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ሠላሳ ዓመት አልፏቸው፣ ቤትና ልጆች ይዘው ነበር።

«ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ነገ ሚካኤል አይደል?» ቢሉ መርማሪው ስህተት ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን ነገ ሚካኤል ከሆነ ዛሬ 11 ነው፤ እናታችን ቀኑን በትክክል ያውቁታል። «ዓመቱስ?» ሲባሉ «ዘመነ ማርቆስ» ቢሉ፣ ዓመቱም ማርቆስ ከሆነ፣ ጊዜውን አልሳቱም። ሙስሊም አረጋዊም ወሩን በረመዳን ወይም በሸዋል ሊነግሩን ይችላሉ። «የምንገኘው የት ነው?» ሲባሉ «በጌምድር» ቢሉም መቃዠት አይደለም። በእሳቸው ዕድሜ ያው አገር በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎ ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ኋላም ደቡብ ጎንደር ዞን ተብሏል። የልደት ቀናቸውንም ላያውቁት ይችላሉ፤ ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት ከጣሊያን ወረራና ከመሳሰሉት ዘመኖች አንጻር ነው።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ደቡብ ጎንደር ለማስታወስ ፈተና እንግዳ አይደለም፤ የቤተልሔም የድጓ ምስክርና የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ያሉበት አገር ነው። ተማሪው ቀለሙን በቃሉ ይዞ ለመምህሩ ያሰማል። ስለዚህ አንድ አባት ዳዊቱን በቃላቸው ሲደግሙ የሰማ ቤተሰብ «የእሳቸው አእምሮ ምን ይሆናል!» ይላል። የአልዛይመር በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠቃው አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታን ነው። ለስድሳ ዓመት የተደገመ ጸሎት ሳይነካ፣ ጠዋት የመጣው እንግዳ ሊረሳ ይችላል። ሐኪሙ ሦስት አዳዲስ ቃላት የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

እርማቱ

ተመራማሪዎች ችግሩን አይተው ዝም አላሉም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ የክሪ ሕዝብ፣ ቀጥሎም በናይጄሪያ ኢባዳንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ ምርመራ ተሞከረ። ግማሹ ጥያቄ ለአረጋዊው፣ ግማሹ አብሯቸው ለሚኖር ሰው ነው። በኋላም በታንዛኒያ ገጠር የተዘጋጀው አጭር ምርመራ ሥዕል በማስገልበጥ ፈንታ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ያሠራል።

እኛስ? ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት የአእምሮ ጤና ልየታ ተደርጎላቸዋል። በአህጉራችን ስሙ የሚጠራ ሥራ ነው። የተጠየቁት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ነበሩ፤ አያቶቻችን በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ምን እናድርግ?

• ለአረጋዊው ቅርብ የሆነ ሰው አብሮ ወደ ሐኪም ይሂድ። ትልቁ ጥያቄ «ስንት አመጡ?» ሳይሆን «ከበፊቱ ምን ተለወጠ?» ነው። የገበያ ሒሳብ የማይስቱት መልስ መቁጠር አቃታቸው? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሰው ሲመለሱ መንገድ ጠፋባቸው? ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ጠየቁ? ወጡን እሳት ላይ ረስተው ያሳርራሉ?

• የት ድረስ እንደተማሩ፣ ጆሯቸውና ዐይናቸው ደኅና መሆኑን ለባለሙያው ንገሩ። ጥያቄውን ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል።

• የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የመጠጥ ብዛት መርሳት ያመጣሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ።

• በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቃዠት እርጅና አይደለም። ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አጣዳፊ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።

• አረጋውያንን በሰው ፊት እየጠየቃችሁ አታሳቅቁ። አነስተኛ ነጥብ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ ማለት እንጂ የበሽታ ማረጋገጫ አይደለም።

«ጃጅተዋል» ብሎ ቤት ማስቀመጥም፣ በአንድ ቁጥር ብቻ ታማሚ ማለትም ሁለቱም ስህተት ነው። መጠይቁን የሠሩት ሐኪሞች በመቶ ዓመት የተማሩትን፣ ይኸውም ሰውየውን ከራሱ ከትናንቱ ጋር ማስተያየትን፣ እኛ ዛሬውኑ በቤታችን ልንጀምረው እንችላለን።

አረጋውያን ወላጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩላቸው።