ባይሴክት፦ የእኩሌታ ፍለጋ

የእኩሌታ ፍለጋ ማለት ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ተበላሽቶ ሲገኝ፣ ብልሽቱን ያመጣውን አንድ ለውጥ የኮዱን ታሪክ ደጋግሞ ለሁለት እየከፈሉ የማግኘት ዘዴ ነው። የኮድን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት ይህን ሥራ የሚሠራው ትእዛዝ ጊት ባይሴክት ይባላል።

ባይሴክት የጂኦሜትሪ ቃል ነው፤ መስመርን ወይም ማዕዘንን ለሁለት እኩል መክፈል ማለት ነው። ጊት ላይ ግን መክፈሉ መንገድ እንጂ ግብ አይደለም፤ ግቡ መፈለግ ነው። ስለዚህ «ለሁለት መክፈል» ብሎ ማቆም ሥራውን ግማሽ ብቻ ይናገራል። «የእኩሌታ ፍለጋ» ሁለቱንም ይይዛል፤ ግስ ሲያስፈልግ «በእኩሌታ መፈለግ» ይባላል። እኩሌታ ግማሽ ነውና በሒሳብ ትምህርት ከምናውቀው እኩልታ ጋር እንዳይምታታ። ኮሚት፣ ተርሚናልና ስክሪፕት ግን ሁላችንም የምንግባባባቸው ስለሆኑ እንዳሉ ቢቀሩ ይሻላል።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። የጎርጎርዮስን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ፕሮግራም አለን እንበል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሲሰጠው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብሎ መመለስ ሲገባው መስከረም 1 ቀን 2016 ይላል። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን እንደነበረች ፕሮግራሙ አላወቀም ማለት ነው። ቀደም ሲል የወጣው ሥሪት ግን ይህን በትክክል ይመልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ 500 ኮሚት ገብቷል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ የምናደርገው የጠረጠርነውን ፋይል ከፍተን መስመር በመስመር ማንበብ ነው። ጥርጣሬው ልክ ካልሆነ ቀኑ በከንቱ ያልፋል።

በእኩሌታ የሚፈልግ ሰው ኮዱን ገና አያነብም። ተርሚናል ላይ ጊት ባይሴክት ስታርት ይላል። የአሁኑ ሥሪት የተበላሸ መሆኑን በጊት ባይሴክት ባድ ይናገራል፤ በጊት ባይሴክት ጉድ ደግሞ የቀድሞውን ሥሪት መለያ አስከትሎ እሱ ደህና እንደነበር ያስታውቃል። ጊት ከሁለቱ መሐል ያለውን ኮሚት ያወጣለታል። ፕሮግራሙን አስነሥቶ ያችኑ ቀን ይሰጠዋል። መልሱ ጳጉሜን 6 ከሆነ ጉድ ይላል፤ ያ ኮሚትና ከሱ የቀደሙት ሁሉ ከጥርጣሬ ነጻ ይወጣሉ። መስከረም 1 ካለ ባድ ይላል፤ ፍለጋው ወደ ቀደመው እኩሌታ ይዞራል። 500 የነበረው 250፣ ከዚያ 125፣ ከዚያ 63 እያለ ይወርዳል። በ9 ዙር ገደማ ጊት የመጀመሪያውን ብልሹ ኮሚት ከነጸሐፊው፣ ከነቀኑና ከነመልእክቱ ያሳያል። ሲያበቃ ጊት ባይሴክት ሪሴት ወደ ነበርንበት ይመልሰናል።

የዘዴው ጉልበት የሚታየው ታሪኩ ሲረዝም ነው። ሺህ ኮሚት 10 ዙር ቢፈልግ፣ ሚሊዮን ኮሚት የሚፈልገው 20 ብቻ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ሲሆን፣ ትእዛዙም በዚያው ዓመት ተጨመረ። በዛሬው ከርነል ከአንድ ሥሪት እስከ ቀጣዩ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ ኮሚት ይገባል፤ በእኩሌታ ከተፈለገ 14 ያህል ሙከራ ይበቃዋል። ለዚህም ነው የከርነሉ ባለሙያዎች ችግር የሚያመለክትን ተጠቃሚ በእኩሌታ ፈልጎ እንዲያመጣ የሚጠይቁት። ሰውየው ሲ ቋንቋ ማወቅ የለበትም፤ ከርነሉን ገንብቶ ማስነሣትና «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ማለት ከቻለ ይበቃል። እኔ ከዚህ ትእዛዝ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ኮዱን የማያውቅ አዲስ ሰው ለፕሮጀክቱ እውነተኛ ማስረጃ ማቅረብ ይችላል።

ጉድና ባድ እያሉ መመለስም ለማሽን ሊተው ይችላል። ጊት ባይሴክት ራን ብሎ የሙከራ ስክሪፕት ስም ማስከተል ነው። ስክሪፕቱ ሲጨርስ 0 ከመለሰ ኮሚቱ ደህና ነው፤ ከ1 እስከ 127 ያለ ቁጥር ብልሹ መሆኑን ያመለክታል። 125 ግን ለብቻው ነው፤ «ይህን መፈተን አልቻልኩም፣ ዝለለው» ማለት ነው። ለምሳሌ ኮዱ ጨርሶ ካልተገነባ 125 መመለስ አለበት፤ አለዚያ ያልተገነባው ሁሉ ብልሹ ተብሎ ፍለጋው ይስታል። በእጅ ሲሠራ የዚህ አቻ ጊት ባይሴክት ስኪፕ ነው። ስክሪፕቱን ከሪፖዚተሪው ውጪ አስቀምጡት፤ ጊት ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ አብሮ እንዳይቀየር።

የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። አንዴ አልፎ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ፍለጋውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወደ ሐሰተኛ ኮሚት ይመራዋል። የድሮ ኮሚት የድሮ ጥገኛ ፓኬጆችን ወይም የድሮ ዳታቤዝ ቅርጽ ሊፈልግ ይችላል። በስሕተት ባድ ለማለት ጉድ ካላችሁ ግን አትደናገጡ፤ ጊት ባይሴክት ሎግ የመለሳችሁትን ሁሉ ያሳያል፣ በፋይል አስቀምጣችሁ አርማችሁ በጊት ባይሴክት ሪፕሌይ መቀጠል ይቻላል።

ከሁሉም የሚከፋው ሰው የሚፈጥረው እንቅፋት ነው። ፍለጋው በ9 ዙር አልቆ የተገኘው ኮሚት 3 ሺህ መስመር የሚቀይር፣ መልእክቱም «ማስተካከያ» ብቻ የሚል ከሆነ የተገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። የቀን ስሌቱን ያሻሻለው ሰው በዚያው ኮሚት የፎንት ለውጥና የፋይል ስም ቅየራ ካጨቀ፣ ጳጉሜንን የጣለችውን መስመር እንደገና በዓይን መፈለግ ሊኖርብን ነው። አንድ ኮሚት አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ፤ ከመግባቱ በፊትም ራሱን ችሎ መገንባቱ ይረጋገጥ። በሥራ ቦታችሁ ይህ ልማድ ከሌለ ዛሬውኑ አንሡት፤ ከባልደረቦቻችሁ ጋር ተስማሙበት። የምትጠቀሙበት ክፍት ኮድ ፕሮግራም በሚቀጥለው ጊዜ ሲበላሽባችሁም «አልሠራ አለኝ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ በእኩሌታ ፈልጋችሁ የኮሚቱን ቁጥር ጨምራችሁ ላኩ።