ጠብታው በምን ላይ ያርፋል?

መምህር ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ከተማሪ የሚመጣ ቀላል ጥያቄ ነው። ከባድ ጥያቄ ሲሆን «ወደፊት እንደርስበታለን» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ቀላሉ ጥያቄ ግን መሸሸጊያ አይሰጥም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ ውኃ ዑደት ሳስተምር አንድ ቀን የገጠመኝ ይኸው ነበር። ፀሐይ ውኃውን ታተናለች፤ ተኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍታ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል ብዬ ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ሥዬ እንደ ጨረስሁ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሠልጣኝ እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ጤዛ በሣር ላይ ያርፋል፤ የድስት እንፋሎት በክዳኑ ላይ ያርፋል። ሰማይ ላይ ግን ሣርም ክዳንም የለም። ታዲያ ጠብታው በምን ላይ ያርፋል?» አለችኝ።

እኔም «ቅዝቃዜው ብቻ ይበቃዋል» ብዬ አለፍሁ። ነገር ግን ያ መልስ ትክክል አልነበረም። ለዓመታት ሳስተምር ይህን ጥያቄ ለራሴ አንሥቼው አለማወቄም አሳፈረኝ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ የተረዳሁት ግን የሠልጣኟ ጥያቄ የአንድ ሙሉ የሳይንስ ዘርፍ መነሻ መሆኑን ነው። ታሪኩን ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎች ማካፈል የፈለግሁትም ስለዚህ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1875 ፖል ዣን ኩሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ጥቂት ውኃ ጨመረና ዕቃውን ከአንድ የጎማ ኳስ ጋር አገናኘው። ኳሱ ሲጨመቅ በዕቃው ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ ኳሱ ሲለቀቅ አየሩ ተስፋፍቶ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ጊዜ ጉም ይታያል። አየሩ አስቀድሞ በጥጥ ተጣርቶ ሲገባ ግን ጉሙ አልታይ አለ። ውኃው ያው ነው፤ ቅዝቃዜውም ያው ነው። የጎደለው ነገር ጥጡ ያስቀረው ትቢያ ብቻ ነበር።

ከ5 ዓመት በኋላ በስኮትላንድ ጆን ኤትከን የተባለ ሰው የኩሊዬን ሥራ ሳያውቅ እዚያው ውጤት ላይ ደረሰ። ኤትከን በ1839 በፎልከርክ ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ምህንድስና ቢማርም ጤንነቱ ስላልፈቀደለት ሥራውን ትቶ በመኖሪያ ቤቱ በገዛ እጁ በሠራቸው መሣሪያዎች ይመራመር ነበር። ሁለት ትላልቅ የመስተዋት ዕቃዎች ወሰደ፤ በአንዱ ተራ አየር፣ በሌላው በጥጥ የተጣራ አየር ሞላ። ከዚያም በሁለቱም ውስጥ እንፋሎት ለቀቀ። የመጀመሪያው ወዲያውኑ በነጭ ጉም ተሞላ፤ ሁለተኛው ግን እንደ ነበረ ጥርት ብሎ ቀረ። በ1880 መጨረሻ ግኝቱን ለኤዲንብራ የሳይንስ ማኅበር ሲያቀርብ የደረሰበት ድምዳሜ አጭር ነበር፤ ይኸውም ትቢያ በሌለበት ጉምም ደመናም አይኖርም የሚል ነው። ኩሊዬ እንደ ቀደመው ባወቀ ጊዜም ይህንኑ አልሸሸገም።

ኤትከን በዚህ ብቻ አላቆመም። በዓይን የማይታየውን ትቢያ የሚቆጥር አነስተኛ መሣሪያ ሠራ። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር በተን ከጠገበ በኋላ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ሲደረግ በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ ጠብታ ይፈጠራል፤ ጠብታዎቹም በሚሊሜትር በተከፋፈለች ጠፍጣፋ የብር ሰሌዳ ላይ ሲወድቁ በማጉያ መነጽር ይቈጠራሉ። ይህን መሣሪያ ይዞ በፓሪስ ወደ ኤፌል ማማ፣ በስዊስ ወደ ሪጊ ተራራ፣ በአገሩም ወደ ቤን ኔቪስ ተራራ ወጣ። በንጹሕ የተራራ አየር በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ በመቶዎች የሚቈጠሩ ቅንጣቶች ሲገኙ፣ በከተማ አየር ግን ቍጥሩ ከመቶ ሺህ በላይ ይደርስ ነበር።

ለመሆኑ ትቢያው ለምን ያስፈልጋል? ጠብታ እጅግ ትንሽ ስትሆን ገጽዋ በጣም የጎበጠ ነው፤ ከጎበጠ ገጽ ላይ ደግሞ ውኃ ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ከባዶ የምትነሣ ጠብታ ገና ሳታድግ ትጠፋለች። ትቢያው ግን የመነሻ መጠን ይሰጣታል። ቅንጣቱ የባሕር ጨው ከሆነ ደግሞ ራሱ ውኃ ይስባል። በክረምት ወራት በማጀት የተቀመጠ ጨው ሲረጥብ ያላየ ማን አለ? የስዊድኑ ሂልዲንግ ከለር በ1936 እነዚህን ሁለት ምክንያቶች በአንድ ቀመር አዋሕዶ አቀረባቸው። በደመና ውስጥ የአየሩ እርጥበት ከ100 በመቶ እምብዛም ከ1 በመቶ በላይ የማያልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በአየር ላይ የተንሳፈፉት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ማለትም ኤሮሶል የሚባሉት፣ ትርፉን ተን ፈጥነው ይወስዱታልና።

እንግዲህ ትቢያው ፈጽሞ ቢወገድስ? ይህን የመረመረው ቻርልስ ዊልሰን ነው። ዊልሰን በ1894 መስከረም ወር በቤን ኔቪስ ጫፍ በነበረው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ሁለት ሳምንት ያህል ሲሠራ ፀሐይ በደመናው ላይ የምታሳየው ባለ ቀለም ቀለበት እጅግ አስደነቀው። ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ ያንን በላቦራቶሪ ለመድገም ሲሞክር፣ ከትቢያ በጸዳ አየር ውስጥ እንኳ እርጥበቱ 4 እጥፍ ያህል ሲሆን ጠብታ እንደሚፈጠር አገኘ። ጠብታዎቹ ያረፉት በኤሌክትሪክ በተሞሉ ቅንጣቶች፣ ማለትም በአዮኖች ላይ ነበር። በ1911 በዚሁ መሣሪያ ከአቶም ውስጥ የሚወጡ ጨረሮችን መንገድ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በ1927ም የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከኮምፕተን ጋር ተካፈለ። ደመናን ለመረዳት የተነሣ ሰው የአቶምን ምሥጢር የሚገልጥ መሣሪያ አበረከተ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ትቢያና ጢስ ከበዛ ዝናብም ይበዛል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1967 በአውስትራሊያ ዋርነርና ቱሚ የተባሉ ተመራማሪዎች የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ የገባበትን ደመና በአውሮፕላን መረመሩ። በደመናው ውስጥ ያሉት ጠብታዎች በቍጥር በዝተው በመጠን ግን አንሰው ተገኙ፤ ያው ውኃ ለብዙዎች ተከፋፍሏልና። አንዲት የዝናብ ጠብታ ለመሆን አንድ ሚሊዮን ያህል የደመና ጠብታዎች መገናኘት አለባቸው፤ ጥቃቅኖቹ ደግሞ በቀላሉ አይጋጩም። ዋርነር በ1968 ጢሱ ዝናብን ቀንሷል የሚል ጽሑፍ ቢያወጣም በሌላ ቦታ ሲፈተሽ ውጤቱ አልተረጋገጠም። ቱሚም በ1974 ጢስ የገባበት ደመና ይበልጥ ነጥቶ የፀሐይን ብርሃን ወደ ጠፈር እንደሚመልስ አሳየ። የሰው ልጅ በአየር ንብረት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለመለካት በሚደረገው ጥናት ዛሬም ከፍተኛ ጥርጣሬ ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የኤሮሶልና የደመና ጉዳይ ነው።

ይህን ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ። ጥቂት ሙቅ ውኃ ጨምራችሁ ናጡት፤ ከድናችሁም ጨመቅ አድርጋችሁ ልቀቁት። የሚታየው ጉም እምብዛም ነው። ቀጥሎ መምህሩ ክብሪት ጭሮ ያጥፋና ጢሱን ወደ ጠርሙሱ ያስገባ፤ እንደገና ከድኖ ይጭመቅና ይልቀቅ። በዚህ ጊዜ ጠርሙሱ በጉም ይሞላል፤ ሲጨመቅ ጉሙ ይጠፋል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል።

እኔም መልሱን ካገኘሁ በኋላ ወደ ክፍሉ ተመልሼ «ባለፈው የነገርኋችሁ ስሕተት ነበር» ብዬ ጀመርሁ፤ ጠርሙሱንም ለጠያቂዋ ሰጠኋት። ስትለቀው ጉሙ ብቅ ሲል ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ስሕተቴን በማመኔ ክብሬ የተቀነሰ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍሉ የሚነሡት ጥያቄዎች በዙ። ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ የውኃ ዑደትን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ስትሥሉ በደመናው ውስጥ ጥቂት የትቢያ ነጥቦች መጨመር አትርሱ። ተማሪ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው።